የበግዳዲያው የካሴት ሰላይ

ከሊል አብዱረሺድ በዕድሜው ሰው ገድሎ አያውቅም። ሰው ቀርቶ ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም፤ ለዒድ በግ ሲታረድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቆም ሰው ነበር። ድመት ይፈራል። ሊፍት ይፈራል። ከቤት አከራዩ ጋር ላለመገናኘት ሲል ጫማውን አውልቆ ደረጃ የወጣባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። በካሴት ግን ያደረገው ጉድ! በካሴት ከሚሮጥ ባቡር ላይ ዘሏል፣ በሲባጎ ዘበኛ አንቋል፣ ወደብ ላይ የቆመ መርከብ አቃጥሏል፣ ከሦስት አገር ፖሊስ አምልጧል። ይህ ሁሉ ጀብዱ የተፈጸመው ጅዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር፣ ባለቤቱ ከተቀመጠ ደንበኛው ቆሞ በሚስተናገድባት ጠባብ ራዲዮ መጠገኛ ውስጥ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ከሊል የባቲ ልጅ ነው፤ ያደገው ግን ድሬዳዋ፣ ጨርቅ ከሚነግደው አጎቱ ዘንድ ነው። ዓረብኛን በቁርኣን ቤት፣ ሶማሊኛን ደግሞ ከአጎቱ ደንበኞች ጋር ዋጋ ሲከራከር ተማረ። በስድሳ ዘጠኝ ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ከምልምሎቹ መሀል «ሶማሊኛ የሚችል አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ከሊል እጁን አወጣ። ጠብመንጃ ያሸክሙኛል ብሎ ሲንቀጠቀጥ የጆሮ ማዳመጫ ሰጡትና ድንኳን ውስጥ አስቀመጡት። ሥራው የጠላት ራዲዮ ኦፕሬተሮች የሚሉትን እየሰማ መጻፍ ሆነ። በወታደር ቋንቋ ይህ «መረጃ» ይባላል፤ በአማርኛ ሲተረጎም ላብ በላብ ሆኖ የሰው ወሬ መስማት ነው።

ከሚሰማቸው ድምጾች መሀል አንዱን ወደደው። ስሙን አያውቅም። ሰውየው ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ይስላል። ቁጥር ሲያነብ ይሰለቻል፣ ሻይ አለቀብን ብሎ ያማርራል፣ ወዲያ ማዶ ካለው ኦፕሬተር ጋር ይቀላለዳል። አንድ ጧት ከመልእክት መልእክት መሀል ያኛው «ሚስትህ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት» አለው። ባለሳሉ ሰውዬ ማይክሮፎኑን ሳያጠፋ አለቀሰ። ከሊልም የሰማውን እንዳለ ጻፈ፦ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሰውየው አለቀሰ።

የመረጃ መኮንኑ ወረቀቱን አንብቦ ተቆጣ። «‹ሴት ልጅ› ማለት ታንክ ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ ልጅ ናት።»

«አለቀሰ ያልከውስ?»

«ደስ ብሎት ነው፣ ጌታዬ።»

«ጠላት ደስ ሲለው አያለቅስም!»

በዚያ ትርጉም የተነሳ አንድ ሻለቃ ጦር ሙሉ ቀን ምሽግ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ታንክ ሲጠብቅ ዋለ። ታንክ የሚባል ዝር አላለም። መኮንኑ አላፈረም፤ «አራዝመውታል» ብሎ ዘጋው። የድንኳኑ ራዲዮ መካኒክ ፈቃዱ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ዋለ። ከሊል ግን አልሳቀም። ሰው የሆነውን ሳይሆን የሚተልቀውን መስማት እንደሚወድ ያን ቀን ገባው። በኋላ ደራሲ ያደረገው ጦርነቱ ነው ለሚሉት፣ እኔ ያ መኮንን ነው እላለሁ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከሊል አገር ጠበበው። በጅቡቲ አድርጎ ባሕሩን ተሻገረና ጅዳ ገባ። አንድ የራዲዮ ነጋዴ «ከፊል»፣ ማለትም ዋስ፣ ሆኖለት ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣ፤ ከጦርነቱ የተረፈውን የራዲዮ እውቀትም መተዳደሪያ አደረገው። ፈቃዱ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ተቀጥሮ በክብር፣ በቪዛ መጣ። ሁለቱ ዳግም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሽቦ የሚበጥሱ ሆኑ።

በዚያ ዘመን የስደተኛው ደብዳቤ ካሴት ነበር። መጻፍ የማይችለው በካሴት ይልካል፤ መጻፍ የሚችለውም ደብዳቤው ተከፍቶ ይነበባል ብሎ ስለሚፈራ በካሴት ይልካል። መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ የዘፈን ካሴት አስመስሎ ይዞት ይሄዳል። ጅዳ ላይ አንዲት ሠራተኛ ማዳሟ ስትተኛ ቁልፉን ትጫንና «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እኔ ሀጅራ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ትላለች፤ ከወር በኋላ እናቷ ወሎ ላይ ካሴቱን አቅፋ ታለቅሳለች። ድምጽ ነውና በካሴት የሚዋሽ አልነበረም። ቢዋሽም «ደህና ነኝ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ከሊል የእነዚህን ሰዎች ቴፕ ሲጠግን ማታ ማታ ጊዜ ማሳለፊያ ሲያጡ አየ፤ የሚያነቡት የላቸውም፣ የሚሰሙት የላቸውም። እንግዲያው ብሎ ማታ ማታ የጻፈውን የስለላ ልብ ወለድ ራሱ እያነበበ በካሴት ቀዳው። ጀግናው ሻምበል መዝገቡ ይባላል፤ ዓይኑ እንደ ጭልፊት፣ ሐሳቡ እንደ መብረቅ። ፈቃዱ ሁለት ካሴት በሚያጫውተው ቴፑ ያባዛል። ሻምበሉ ከበግዳዲያ ተነስቶ በሾፌሮች መኪና፣ በሠራተኞች ሻንጣ መካ ድረስ ገባ።

መካ ላይ ራቢዓ ጆሮ ገባ።

ራቢዓ የሐጂ ሙሕሲን ልጅ ናት። የሐጂ አባት ከወሎ በእግራቸው ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ በሐጅ ወቅት ዓዚዚያ ሰፈር ያለ ቤቱን ለሑጃጅ ያከራያል። ከሊል እዚያ ማራገቢያና ራዲዮ ሊጠግን ተጠርቶ ሄደ። ባሏ ከሞተባት ሁለተኛ ዓመቷን የያዘችው ራቢዓ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ነህ የካሴቱ?»

«ነኝ።»

«ወላሂ፣ አልመሰልክም።» ቀጠለች፣ «ይሄ ሻምበልህ ግን ምሳ አይበላም? ሰባት ካሴት ሙሉ ሲሮጥ አንድ ቀን ራበኝ አላለም። መስኪን!»

ከሊል ወደ ጅዳ ተመልሶ ለሻምበል መዝገቡ ሩዝ በሥጋ አበላው። ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ማራገቢያዎች መበላሸት አበዙ። ሳይበላሹም ይጠገኑ ነበር። በመጋረጃ ማዶና በመጋረጃ ወዲህ ሆነው ስለ ሻምበሉ ይከራከራሉ፤ ከሊል ጅዳ እስኪደርስ ድረስ ብቻውን ፈገግ ይላል። ፍቅር ይዞት ነበር፤ ይህንን ለማወቅ መረጃ መኮንን አያስፈልግም። አንድ ቀን ራቢዓ «‹ሻምበሉ እንዲህ አደረገ› ስትል ሩቅ ይሆንብኛል። አንተው ሁንና አውራው» አለችው። እሷ ካለች ምን ቀረ! የሚቀጥለውን ታሪክ «እኔ» እያለ ቀዳው። ወዲያውም ሽማግሌ ልኮ ሊጠይቃት ቆረጠ፤ ራቢዓም ለአባቷ ጠቆም አደረገች።

የከሊል ዕዳ የመጣው ከዚህች «እኔ» ነው።

ሐጂ ሙሕሲን ኢስሐቅ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ለንግድ ብሎ ወደ ደሴ ተመለሰ፤ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከሸዋ በር ቤቱ «ለጥያቄ» ተብሎ ተወሰደ፤ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ደሴ ያለችው እህታቸው ሩቂያ ካሴት በላከች ቁጥር ሐጂ የሚጠብቁት የኢስሐቅን ወሬ ነበር። አንድ ቀን ራቢዓ ገበያ ወጥታ ሳለ ከካሴቶቹ መሀል አንዱን አንስተው ከቱት። ካሴቱ ከመሀሉ ላይ ነበር የቆመው። የሩቂያን ድምጽ ሲጠብቁ ሌላ ድምጽ መጣ፦

«ሸዋ በር ስንደርስ የመኪናውን መብራት አጠፋን። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ሽርጡን እንዳገለደመ ወጣ። ‹ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ አሁኑኑ ትመለሳለህ› አልኩት። እንደማይመለስ አውቅ ነበር።»

ድምጹን አወቁት። የማራገቢያው ጠጋኝ ነው።

ከሊል በሚቀጥለው ሲመጣ ሐጂ ጉልበታቸው እያመማቸው በር ድረስ ወጥተው ጠበቁት። ሰላምታውን አልመለሱለትም።

«ኢስሐቅን የት አደረስከው?»

«ማንን፣ ሐጂ?»

«ወንድሜን! ሸዋ በር! በገዛ አፍህ ስትናገር ሰምቻለሁ።»

ራቢዓ እየሮጠች ወጣች። «አባ! ሪዋያ ነው እኮ! ልብ ወለድ ነው፤ ፈጥሮት ነው!»

«በካሴት?» አሉ ሐጂ። «ሰው በካሴት ፈጥሮ ያወራል?»

ከሊል ማለ፣ ተገዘተ። በሕይወቱ ማንንም ይዞ ጠይቆ እንደማያውቅ፣ ሸዋ በርን የሚያውቀው አክስቱ እዚያ ስለነበሩ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። «ታዲያ ጦርነት ላይ ምን ነበርክ?» ሲባል «መረጃ» አለ፤ እውነቱን ነበር፣ እውነቱ ግን አላዳነውም። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የደርግ ጃሱስ ቤቴ ገብቶ ልጄን ሊጠይቅ! ኸላስ። በጦርነቱ ጊዜ አብሮህ የነበረ ሰው አምጣ፤ ፊቴ ተቀምጦ ሲናገር ልስማው። ያን ካላመጣህ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ምስክሩማ ነበር። ፈቃዱ ከአንድ ድንኳን ነው የወጣው። ነገር ግን ፈቃዱ ክርስቲያን ነው፤ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ሹመይሲ ኬላ ሲደርስ ለሙስሊም ብቻ ይሆንና እሱን ይመልሰዋል። ሐጂ ሙሕሲን ደግሞ በሐረሙ ምድር ልሙት ብለው ነይተው ከመካ ወሰን እግራቸውን ካላወጡ ስንት ዘመናቸው። አንዱ አይገባም፣ ሌላው አይወጣም።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለ ከሊል።

«ሚስት የምታገባው አንተ፣ ሃይማኖት የምቀይረው እኔ?» አለ ፈቃዱ። ቀጥሎ ግን ጓደኛው እንዳልሳቀ ሲያይ ቀልዱን ተወ። «በል ቅዳው። እውነቱን እንዳለ ቅዳላቸው።»

ከሊል ቁልፉን ተጫነ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ ሙሕሲን፣ ዓዚዚያ። እኔ ከሊል ነኝ» ብሎ ጀመረ። ድንኳኑን፣ ሙቀቱን፣ ሁለት ጊዜ የሚስለውን ሰውዬ፣ የተወለደችውን ልጅ፣ መኮንኑንና ያልመጣውን ታንክ ተናገረ። ፈቃዱም «እውነት ነው፤ ነበርኩ» ብሎ መሰከረ። ሐጂ ከዳር እስከ ዳር ሰሙትና በራቢዓ በኩል መልስ ላኩ፦ የበፊተኛው ይሻላል። ይሄኛው ውሸት መሆኑ ያስታውቃል፤ ጦርነት ብሎ ነገር ተኩስ የለውም። ደግሞም ካሴትን ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ አሁን የእህቴንም ካሴት ስሰማ ተጠራጥሬ ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ከሊልን ከሁሉም በላይ አመመችው። ትክክል ነበሩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ማዶ የሰፈረ ጦር ሲያስነጥስ የሰማ ሰው ጅዳ ላይ ስለራሱ የሚወራውን ሳይሰማ ቆየ። «ጃሱስ ነው፣ ሰላይ ነው» የሚለው ወሬ በግዳዲያን ሲያዳርስ ደንበኛው ራዲዮውን ሌላ ዘንድ ይዞ መሄድ ጀመረ። ሠራተኞቹ ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ሻሻቸውን አጥብቀው ያልፋሉ። ከሊል መጻፍ አቆመ። ሻምበል መዝገቡም አንድ ጣሪያ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ራቢዓ በመንገደኛ በኩል «ጽናት ይስጥህ፤ እኔ አውቅሃለሁ» ብላ ስትልክበት ደስታም ኀዘንም ሆነበት።

ፈቃዱ ግን ልማድ ሆኖበት ያችን የእውነት ካሴት እንደሌሎቹ አባዝቶ በትኗት ነበር። አድማጭ አልወደዳትም። ከእጅ ወደ እጅ ስትንከራተት አንድ ሐጅ የሚሄድ ሐበሻ ከጅዳ መካ በሚመላለስ መኪና ቴፕ ውስጥ ከተታት። ሾፌሩ ወርሰሜ የሚባል ሶማሌ ነው፤ ጅጅጋ የተማረ ስለሆነ አማርኛ ጠንቅቆ ያውቃል። ሹመይሲ አካባቢ ሲደርስ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ተሳፋሪዎቹ «ያላ፣ ያላ!» ቢሉት አልሰማም። ካሴቱ እስኪያልቅ መሪው ላይ ተደፍቶ ቆየ።

በማግስቱ ዓዚዚያ እየጠየቀ የሐጂ ሙሕሲንን በር አንኳኳ። ካሴቱ የተላከው ለእሳቸው ነውና ከከሊል በፊት ወደ እሳቸው መሄድ አለብኝ ብሎ ነበር።

«ሁለት ጊዜ የሚስለው ሰውዬ እኔ ነኝ» አላቸው።

ሐጂ እንዲህ በቀላሉ የሚታለሉ ሰው አይደሉም። «ማን ላከህ? ሳሉንስ ካሴት ላይ ሰምተኸው ይሆናል። ማንም ይስላል።» ትንሽ አሰቡና «ጁምዓ ተመለስ፤ ያገርህን ሰዎች ይዘህ ና» አሉት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከሊል ተጠርቶ መጣ። ሳሎኑ መሀል አንሶላ ተወጥሯል። ከማዶው ሰዎች እንዳሉ ያስታውቃል፤ የሽቶና የጫማ ሽታ አለ። ራቢዓ በማእድ ቤቱ በር ግማሽ ፊቷን አውጥታ አየችው፤ አልሳቀችም። ሐጂ ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት።

«ያ ሰውዬህ ከነዚህ መሀል ነው የሚሉ አሉ» አሉ። «እውነት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ የሰማኸው ከሆነ በድምጹ ታውቀዋለህ። ካላወቅኸው በመጣህበት ትመለሳለህ፤ ልጄም ሌላ ታገባለች።»

ስምንት ዓመት አልፏል። ከሊል ዓይኑን ጨፈነ።

ሐጂ አዘዙ፤ ከአንሶላው ጀርባ ያሉት ሰዎች ተራ በተራ ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሉ። ሁሉም አንድ ናቸው። የመጨረሻውማ የምር ሳል ይዞት ኖሮ ማቆም አቃተው።

«ሐጂ፣ ሳሉ ይቅር። ሁሉም ቢስሚላህ ይበሉልኝ» አለ ከሊል።

የመጀመሪያው ቢስሚላህ አለ። ሁለተኛው አለ። የሦስተኛው ተራ ደረሰ፤ ዝም አለ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ነው የተናገረው። የከሊል ሁለት እጆች ሳያውቀው ወደ ጆሮዎቹ ሄዱ፣ ማዳመጫ እንደሚይዝ ሰው። በዚያ በአሮጌው ራዲዮ ቁልፉን እንደተጫኑ ከተናገሩ የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች፤ ጥሩ ኦፕሬተር ተጭኖ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይናገራል። ይህን ካሴቱ ላይ አልተናገረውም። ተናግሮ የሚያስታውሰውም ነገር አልነበረም፤ ጆሮው ብቻ ነው ያስታወሰው።

ሦስተኛው ነው ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። በሶማሊኛ፣ ለዓመታት በልቡ ይዞት የኖረውን ጠየቀ፦

«ልጅቷ እንዴት ናት?»

ከማዶ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። ከሊል ልቅሶውንም አወቀው።

«ምን አልከው?» አሉ ሐጂ ተደናግጠው።

ከአንሶላው ጀርባ ወርሰሜ በአማርኛ መለሰ። «ልጄን ጠየቀኝ፣ ሐጂ። ኢፍራሕ ትባላለች። እውስጥ ከልጅዎ ጋር ቴምር እየበላች ነው።»

ሐጂ ሙሕሲን ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው ኢስሐቅን አታውቀውም» አሉ።

«አላውቃቸውም፣ ሐጂ።»

«ወላሂ፣ ያኛው ካሴት እውነት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉና እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «ጠላትም ብትሆን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር እኮ።»

ከሊል ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ይቅርታ ማለት ፈልጎ ቃል አጣ፤ ስንት ገጽ ንግግር ለሻምበል መዝገቡ የጻፈ ሰው። ሐጂ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉና እንደገና አነሱ። ፊታቸውን ጠርገው ወግ ወዳለው ሰውነታቸው ተመለሱ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «ሴት ልጅ ያለ ሽማግሌ የሚጠየቀው በየት አገር ነው? ሽማግሌህ የታለ?»

ከሊል ወደ በሩ አየ። ማንም የለውም። ፈቃዱ ሹመይሲ ማዶ ነው፤ የጅዳ ሰው ደግሞ ሸሽቶታል።

አንሶላው ተገለጠ። ወርሰሜ ምንጣፉን አቋርጦ መጣና ከከሊል ጎን፣ በከሊል ወገን ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ትንሽ ጠበቀ።

«ሐጂ» አለ፣ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»